ከተማን መማር፦ ስለ ዘላቂ የከተማ ልማት ትምህርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የከተማ ዘላቂነት ነው የተማርኩት» ስላት አክስቴ «ታዲያ የኛን ካርታ መቼ ነው የምታወጪልን?» አለችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ችግኝ ተከላ መስሎታል። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ለመጀመር የሚያስቡ ልጆች ይደውሉልኛል፤ የሚጠይቁኝም ያንኑ ነው። እዚህ ሰብስቤ ልመልሰው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከአዲስ አበባ ናቸው፤ በእግሬ የማውቃት እሷን ነውና።

ዘላቂ ከተማ ሲባል ምን ማለት ነው?

መጽሐፍ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1987 ነው። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በዚያ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። ሐሳቡ አጭር ነው። የዛሬው ሰው ፍላጎቱን ያሟላ፤ የነገውን ሰው ድርሻ ግን አይብላበት።

እኔ ለሰው ሳስረዳ ሦስት ጥያቄ ይበቃኛል። ከየት መጣ? ወዴት ይሄዳል? ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ሰላጣ አጥባችሁ የደፋችሁትን ውሃ ተከተሉት። ምናልባት የመጣው ከለገዳዲ ግድብ ነው። ግድቡ ያለው ከከተማው አስተዳደር ክልል ውጪ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ቧንቧችሁ ጋ እስኪደርስ ተጣርቷል፣ ተገፍቷል፣ መብራት በልቷል። ቤታችሁ ከፍሳሽ መስመር ጋር ካልተገናኘ (የብዙ ሰው ቤት አልተገናኘም) ውሃው በቦይ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ወንዞቹ ተሰብስበው ትንሹና ትልቁ አቃቂ ይሆናሉ። መንገድ ላይ የፋብሪካውም፣ የጋራዡም፣ የሽንት ቤቱም ይጨመርበታል። በአቃቂ ዳርና ዳር ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በዚያው ውሃ ይለማል። ተመራማሪዎች በእነዚህ አትክልቶች ላይ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ደጋግመው አግኝተዋል። ጠዋት ጉሊት ላይ ይወጣል። የደፋችሁት ውሃ ሰላጣ ሆኖ ተመለሰላችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ሂሳቡን ማን ከፈለ? ከላይ ያለነው አይደለንም። ብዙውን የከፈለው ከታች፣ አባ ሳሙኤል አካባቢ ያለ ገበሬና ከብቱ ነው። ከፊሉን ደግሞ እኛው፣ ሳናውቀው፣ ሐኪም ቤት እንከፍለዋለን።

ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። የቀረው ይህንኑ ጉዞ በቁጥር፣ በካርታና በሕግ መከተል ነው።

ችግኝ መትከል ነው እንዴ?

አይደለም፤ ግን ዛፍንም አትናቁት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ማገዶ አለቀባት። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ሁሉ አስበው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። በኋላ ግን ባሕር ዛፍ የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደ ልብ አያበቅልም። ዛሬ እንጦጦ ላይ በአገር በቀል ዛፍ እየተተካ ያለው ለዚህ ነው። የትናንት መፍትሔ የዛሬ ጥያቄ ሆነ። በዚህ ሙያ ይህን ቶሎ ቶሎ ታዩታላችሁ።

ምን ምን ትማራላችሁ?

ከየማሳው ትንሽ ትንሽ። የከተማ ፕላን፣ የመሬትና የቤት ኢኮኖሚ፣ ትራንስፖርት፣ ውሃና ፍሳሽ፣ የአየር ንብረት፣ የማዘጋጃ ቤት ፋይናንስ፣ ሶሲዮሎጂ፣ በኮምፒውተር ካርታ መሥራት።

ሁሉም «ይሰለቻል» የሚለውና እኔ የወደድኩት የመሬት ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር መነሻው እዚያ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ ሕግ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። እነዚህን ሁለቱን ያላነበበ ሰው ፒያሳ ላይ ለምን አንድ ቤት ለ40 ዓመት ሳይታደስ እንደቆየ ሊገባው አይችልም። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩ ቀበሌ ደግሞ በሚሰበስበው ኪራይ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። ቤቱ በመሃል ያረጃል።

ሌላው ከቀን አንድ የምትሰሙት «30-30-40» ነው። ከከተማ መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይሁን የሚል የአገራችን የፕላን መርሕ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። የሰፈራችሁን ካርታ አውጡና ለኩት፤ ብቻ ውጤቱን ለእኔ አትንገሩኝ።

ሒሳብ አልወድም። ይከብደኛል?

መቶኛና ግራፍ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ አዎ። ካልኩለስ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ስታትስቲክስ ትወስዳላችሁ፤ ታልፋላችሁ።

ትልቅ ከተማን ከትንሽ ከተማ ምን ይለየዋል? ችግሩ ያው አይደለም?

ያው ይመስላል። ግን 20 ሺህ ሰው ያለበት ከተማ ቆሻሻውን ከከተማ ወጣ ብሎ ቢደፋ ለዓመታት ማንም ላያነሳው ይችላል። ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ «ወጣ ብሎ» የሚለው ቦታ የለውም። ዛሬ ዳር የነበረው ነገ መሃል ይሆናል።

10 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሰው የሚኖርባቸው «ሜጋ ሲቲ» ይባላሉ፤ ሌጎስ፣ ካይሮ፣ ኪንሻሳ፣ ዳካ። አዲስ አበባ ገና እዚያ አልደረሰችም። ስንት እንደደረሰች በትክክል የቆጠረ ግን የለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ቀጣዩ ቆጠራ ደጋግሞ ተራዘመ። ዛሬ ከ4 ሚሊዮን በታች የሚል የለም፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ የሚልም አለ። እስቲ አስቡት፤ ለስንት ሰው እንደሆነ ሳታውቁ ድግስ መደገስ ነው። ውሃውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አውቶቡሱም የሚታቀደው በዚህ ግምት ነው።

ቆሻሻን ማጥናት ምን ይሠራል? ጠርጎ ማንሳት አይደል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለሆነ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ቆሼ ተደረመሰ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተቆለለበት ተራራ በአጠገቡ በነበሩ ቤቶች ላይ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የከተማ ቆሻሻ ሰው እንደሚገድል እኛ ክፍል ውስጥ በመጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገንም።

ከዚያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻን አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ቀን በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲወስድ ታስቦ የተሠራ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የእኛን ቆሻሻ ምንነት እዩት። አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፈንድሻና ሣር፣ ቡና አተላ ነው። እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ደግሞ እንደ ፕላስቲክና ወረቀት አይነድም። እንዲህ ያለው ቆሻሻ ብስባሽ ሆኖ ወደ መሬት ቢመለስ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ያንን ለማድረግ ግን ገና ከቤት ሲወጣ መለየት አለበት፤ እኛ ደግሞ የጫማውንም የሽንኩርቱንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የምንከተው።

የሚገርመው፣ የሚለየው ሰው አለ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ሙሉ አንዱን ተከትዬዋለሁ። መጀመሪያ ሰላይ መስዬው ነበር። ባዶ ሃይላንድ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የሞተ ባትሪ፣ የዘይት ጀሪካን ይገዛል። ፕላስቲኩን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ ነው ዓይነቱን የሚያውቀው። እኔ ከሥር የተጻፈችውን ቁጥር ፈልጌ ሳልጨርስ እሱ ሦስት ለይቷል። ከሰዓት ላይ መርካቶ ገባን፤ ምናለሽ ተራ።

ምናለሽ ተራን በቱሪስት ዓይን ሳይሆን በተማሪ ዓይን እዩት። አንዱ በርሜል ሰንጥቆ የግቢ በር ያደርጋል። ሌላው የቆርቆሮ ጣሳ ቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሠራል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ የተረፈው ጠርዙ ገመድ። ብረቱ በኪሎ ይመዘንና ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። አውሮፓ ውስጥ ሚኒስቴሮች ሰነድ የሚያወጡለት «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» እዚህ ያለ ሰነድ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። ጓንት የለም፤ የጭስ መከላከያ የለም፤ የባትሪ እርሳስ በባዶ እጅ ነው። ይህን ሥራ ሳያፈርሱ ጤናማ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? እኔ አሁንም መልሱን እየፈለግኩ ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር አስፋልቱ ወንዝ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዝናቡ ጨምሮ ነው?

ዝናቡ ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን ቁልቁለቱና ሲሚንቶው ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ። በመሃል ያለው ርቀት በመኪና ያለ ሰልፍ አንድ ሰዓት አይሞላም። ውሃው በዚያች አጭር መንገድ ያን ያህል ይወርዳል። ድሮ ሣሩና ጓሮው ይመጠው ነበር። አሁን ግቢው ኮብልስቶን ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። የሚመጥ አፈር የለም። ቱቦው ደግሞ የተቀበረው ለሌላ ዘመን ከተማ ነው፤ አፉም ላይ ፌስታል ተወትፏል። ዝናቡ ያው የድሮው ቢሆን እንኳ ጎርፉ የድሮው አይሆንም።

ባቡር ተሠርቶ፣ አውቶቡስ ተጨምሮ የታክሲ ሰልፍ ለምን አልቀነሰም?

ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመር፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። ከሰሃራ በታች ላሉ ከተሞች አዲስ ነገር ነበር። 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። እዚህ ላይ ተማሪ መያዝ ያለበት ነገር፣ መሥራትና ሠርቶ ማስኬድ ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች መሆናቸውን ነው። ለመሥራት ብድር ይገኛል፤ ሪባንም ይቆረጣል። ለፍሬን ሸራ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም። ትኬቱም ከወጪው በታች ነው የሚሸጠው። ያ ልዩነት ከየት ይሞላል? ሦስተኛው ጥያቄዬ ተመለሰ።

ሐዲዱ ደግሞ ሰፈርን ከሰፈር ለየ። ድሮ ዘወር ሳይሉ ዳቦ የሚገዙበት ሱቅ አጥሩ ማዶ ቀረ። አሮጊቶቹ ደረጃውን አይችሉም። ካርታ ላይ መስመሩ ቀጭን ነበር፤ መሬት ላይ ግን ግንብ ሆነ።

የሚረሳው ቁም ነገር ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ጉዞ በእግር ነው። ከግማሽ በላዩ! የምናወራው ግን ስለ መኪና ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የሚባለው፣ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ የሚንሸራሸርበት ፕሮግራም፣ ትንሽ ቢመስልም ይህንን ያስታውሰናል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ይህንኑ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታደርገዋለች፤ እዚያ በየእሑዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይዘጋል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። መብራታችን በብዛት ከውሃ ስለሚመነጭ ለጭሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰልፍ ላይ ግን ምንም አይለውጥም። 50 የኤሌክትሪክ መኪና መገናኛ ላይ የሚይዘው ቦታ 50 ቪትስ የሚይዘውን ነው። አንድ አውቶቡስ ግን 50ውንም ሰው ይወስዳል።

ያረጀ ሰፈር ፈርሶ ሕንፃ ሲሠራ ዘላቂ ልማት አይባልም?

ቤቱን ካያችሁ አዎ ልትሉ ትችላላችሁ። ሰውየውን ተከተሉት።

አንዲት እናት አሉ እንበል፤ ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ጣራው ያፈሳል። ማንም «እዚያው ይቅሩ» አይልም። ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷቸው ዳር ወጡ። አሁን የራሳቸው ሽንት ቤት አላቸው። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። የሊጥ ባልዲ ደረጃ ያወጣሉ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲለኮስ ቆጣሪው ይበራል። ደንበኞቻቸው ካዛንቺስ ቀሩ። ዱቄት በዱቤ የሚሰጣቸው ባለሱቅም ቀረ። ዕድሩ ተበተነ፤ ዕቁቡ ተበተነ። ለቤቱ ደግሞ በየወሩ ባንክ ይከፈላል።

ሰፈር ሲፈርስ ግድግዳው ይገመታል። በዱቤ የተገዛው ዱቄት በየትኛው ዓምድ ይገባል? የካሳው ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ከቀድሞው ይልቅ ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ስለ ገቢ መታጣትም ያነሳል፤ ይህ መሻሻል ነው። ባለይዞታ የሆነና ተከራይ የሆነ ሰው ግን እኩል አይታይም። ደባል ተከራዩማ ጭራሽ አይታይም።

ጨረቃ ቤትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሰው በሌሊት ጎጆ የሚያቆመው ሕግ መጣስ ስለሚያስደስተው አይመስለኝም። በሊዝ ጨረታ ያለው ዋጋና በእጁ ያለው ደመወዝ ስለማይገናኝ ነው። ስለ ኮሪደር ልማትም ስትጠይቁኝ የምመልሰው ከዚህ አይወጣም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታ ሰው ይንሸራሸርበታል፤ እኔም እሄድበታለሁ። ግን ስሄድበት እዚያ የነበረው ሰው አሁን የት ሆኖ ለሥራ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ አስባለሁ።

ፖለቲካ ነው ታዲያ?

መሬት ያለበት ነገር ሁሉ ፖለቲካ አለው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር አስተሳስሮ ሊወጣ የነበረው ማስተር ፕላን የሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ሰነዱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች የቴክኒክ ሥራ የሠሩ መስሏቸው ይሆናል። ገበሬው ግን ያነበበው ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ በኢጣሊያ ለተያዘችው አዲስ አበባ ንድፍ ስሎ ነበር። ወንዙንም ኮረብታውንም ከቁብ ሳይቆጥር በመሃሏ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ሰነጠቀባት። ነዋሪውን ማንም አልጠየቀውም። ደግነቱ ወረቀት ላይ ቀረ።

ከሌሎች ከተሞች የምንማረው ነገር አለ? ወይስ የነሱ ለነሱ ነው?

አለ፤ እንዳለ መገልበጥ ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬፕ ታውን ውሃ ሊያልቅባት ነበር። ግድቦቿ ከተከታታይ ድርቅ በኋላ ተሟጠጡ። ቧንቧ የሚዘጋበትን ቀን «ዴይ ዜሮ» ብለው ሰየሙት። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ተመደበ። ሰው የታጠበበትን ውሃ ሽንት ቤት መድፋት ጀመረ። ዝናብ መጣ፤ ዴይ ዜሮ ሳይደርስ ቀረ። ዓለም «ጉድ» ብሎ አደነቀ።

እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሮቶ ያለው ይሞላል፤ የሌለው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ በጀሪካን ይቀዳል። የታጠቡበትን ሽንት ቤት መድፋት እናቴ ያለ ዘመቻ የምታደርገው ነው። ግን ከኬፕ ታውን የያዝኩት አንድ ነገር አለ። የግድቡን የውሃ መጠን በየሳምንቱ በይፋ ለሕዝብ ይነግሩ ነበር። ሰው ምን ያህል እንደቀረ ካወቀ ቁጠባው ትርጉም ያገኛል። ገፈርሳና ለገዳዲ ዛሬ ስንት በመቶ እንደሞሉ ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?

የት መማር እችላለሁ?

አገር ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሲባል የቆየው፣ ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር በትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ነው። የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በከተማ ጉዳይ ላይ ብዙ ባለሙያ ያፈራል፤ በተለይ መንግሥት መሥሪያ ቤት ላላችሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ ጂኦግራፊ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሶሲዮሎጂ ቢሆን በሁለተኛ ዲግሪ መግባት ይቻላል። «የከተማ ዘላቂነት» የሚል ስም ብቻ አትፈልጉ፤ የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ።

ውጭ ከሆነ ሮተርዳም ያለው የቤትና የከተማ ልማት ጥናት ኢንስቲትዩት (አይ ኤች ኤስ) ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጡ ባለሙያዎችን በማሠልጠን የታወቀ ነው። ለንደን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ሥር ያለው የልማት ፕላን ክፍል (ዲፒዩ)፣ ስዊድን ውስጥ ሉንድ ዩኒቨርሲቲም ጥሩ ናቸው።

ስኮላርሺፕስ?

ኢራስመስ ሙንደስ፣ የጀርመኑ ዳድ፣ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ፣ የስዊድን ኢንስቲትዩት። ዳድና ቺቭኒንግ ቢያንስ የሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፤ ቺቭኒንግ ስትጨርሱ ለሁለት ዓመት አገራችሁ ተመለሱም ይላል። ኢራስመስ አብዛኛውን ጊዜ ልምድ አይጠይቅም፤ በዚያው ማመልከቻ ሁለት ሦስት አገር እየዞራችሁ ትማራላችሁ። መነሻ ደብዳቤያችሁን «ከልጅነቴ ጀምሮ ከተማ እወዳለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። የሰፈራችሁን አንድ ችግር ይዛችሁ ግቡ። ለደላላም ሳንቲም አትክፈሉ።

ሥራ አለው?

አለው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን በዚህ ስም አታገኙትም። ክፍለ ከተማ፣ ውሃና ፍሳሽ፣ ትራንስፖርት ቢሮ፣ አማካሪ ድርጅቶች፣ ዓለም ባንክ በሚደግፋቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ባለሙያ፣ የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅት የሆነው ዩኤን ሃቢታት። የመንግሥት ደመወዝ ትንሽ ነው፤ የምትማሩት ነገር ግን ብዙ። ፕሮጀክት ይከፍላል፤ ግን ያልቃል። ካርታ መሥራት የሚችል ተመራቂ ከማይችለው ቀድሞ ሥራ ሲያገኝ አይቻለሁ።

መረጃ ከየት ነው የሚገኘው?

ከሳተላይት ቀላል ነው፤ ከቢሮ ከባድ ነው።

ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ከ1972፣ ሴንቲኔል-2 የሚባሉት ደግሞ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያነሷቸው ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ከፍታችሁ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ ከእርሻ ወደ ፎቅ እንዴት እንደተለወጠ በአንድ ከሰዓት ማየት ትችላላችሁ። ጎግል ኧርዝ ላይ ዓመቱን ወደ ኋላ መጎተት ይቻላል። ማንም ሰው የሚሞላው ነፃ ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕም አለ፤ የጎደለውን ሰፈራችሁን ራሳችሁ ሙሉት።

ቢሮ ስትሄዱ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። እኔ አንድ የቱቦ ካርታ ለማግኘት አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤው ላይ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ። ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ሲስተም የለም። በመጨረሻ ካርታው እንደሌለ ተነገረኝ። ይህን ያረጋገጡልኝ ግን አንድ አዛውንት ቴክኒሽያን ናቸው፤ ማኪያቶ ጋብዣቸው የቱ ቱቦ የት እንደሚያልፍ በእጃቸው ናፕኪን ላይ ሳሉልኝ። ያ ናፕኪን ጥናቴ ውስጥ አባሪ ሆኖ ገብቷል። አማካሪዬ አልሳቀም፤ እንዲያውም «ቀኑንና ቦታውን ጻፊበት» አለኝ።

የመመረቂያ ርዕስ እንዴት ልምረጥ?

አጥብቡት። «የአዲስ አበባ የትራንስፖርት ችግር» ርዕስ አይደለም፤ እሮሮ ነው። «ከአያት የሚነሱ ሴት የሱቅ ሠራተኞች ማታ ወደ ቤት ለመመለስ ስንት ሰዓትና ስንት ብር ያወጣሉ» ርዕስ ነው።

ትምህርቱ እስኪጀመር ምን ላንብብ?

አታንብቡ፤ ተራመዱ። የማያዳልጥ ጫማ፣ ደብተር፣ ውሃ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ካለው ጀምሩና ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ቀበና ድልድይ ውረዱ። ላይ ስትጀምሩ ልብስ የሚያጥቡበት ውሃ ታያላችሁ። ታች ስትደርሱ አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ። በየት ቦታ ላይ እንደተቀየረ ጻፉ። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ወደ ላይ ዞራችሁ ከየቤቱ ጀርባ ወደ ወንዙ የወጡትን ቱቦዎች ቁጠሩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን 23 ላይ ስደርስ ዝናብ መጣና ሮጬ አንድ ጀበና ቡና ቤት ገባሁ። ልጅቷ ሲኒ እያጠበች ነበር። እጣቢውን ወዴት እንደምትደፋው አየኋትና ደብተሬን አውጥቼ 24 ብዬ ጻፍኩ።